ሥራው ከእግር በታች ይጀምራል

(የመግቢያ ሙዚቃ። ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል።)

በጎንደር ከተማ ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ በደጋው ደግሞ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት፣ በደባርቅ፣ በጃናሞራ ሬዲዮናችሁን ከፍታችሁ ለምትከታተሉን ሁሉ ነው ይህ ዝግጅት።

ታኅሣሥ እየተገባደደ ነው። ከፊታችን ገና አለ፣ ከገና ቀጥሎ ጥምቀት። ጥምቀት ሲቃረብ የጎንደር ቤት ምን እንደሚመስል የምታውቁት ነው። እንግዳ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ከባሕር ዳር ይመጣል፣ ባሕር ማዶ የከረመ ልጅም ይመጣል። እናም ግድግዳው ቀለም ይቀባል፣ የተቃጠለው አምፖል ይቀየራል፣ ክረምቱ ኮርኒሱ ላይ ጥሎት የሄደው ቢጫ እድፍ ይሸፈናል፣ ከጥግ የተንጠለጠለው የሸረሪት ድር ይወርዳል። ይህ ሁሉ ሥራ የሚጠይቀው ዕቃ አንድ ነው፤ መሰላል። ከጓሮ ይወጣል፣ ከጓሮ ከሌለም ከጎረቤት ይዋሳሉ።

የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚህ መሰላል ነው። በተለይም ደረጃ ላይ ስለሚቆም መሰላል። ደረጃ ስል ወደ ፎቅ የምንወጣበትን፣ ከመንገድ ወደ ግቢ የሚያስገባንን የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ደረጃ ማለቴ ነው።

ለምን ደረጃ አልን? ከተማችን ሜዳ ላይ አልተቆረቆረችም። ብዙው ሰው ቤቱ የሚደርሰው ከአስፋልቱ ወይ ሽቅብ ወጥቶ ነው፣ ወይ ቁልቁል ወርዶ። ፒያሳ አካባቢ በጣልያን ጊዜ የተሠሩት ቤቶች ደረጃ አላቸው። ዛሬ በየሰፈሩ የሚሠሩት ባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ ቤቶችም አላቸው። ወደ ደጋው ስንወጣ ደግሞ ደረጃ ባይኖርም መሬቱ ራሱ ደረጃ ነው፤ የቤቱ አንድ ወገን ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል። ስለዚህ የምንነጋገረው የሁላችንም ቤት ጉዳይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

በቤተሰቤ የደረሰ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ለከተራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። አክስቴ ቤት፣ ወደ ላይኛው ክፍል በሚያወጣው የሲሚንቶ ደረጃ በኩል ያለው ግድግዳ ቀለም ይቀባል። ቀቢው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ጎበዝ፣ ሥራ የማይፈራ ወጣት። መሰላሉ ከጎረቤት የተዋሱት የባሕር ዛፍ መሰላል ነው። አንዱን እግር ስድስተኛው ደረጃ ላይ አቆመው። ሌላው እግር አምስተኛው ደረጃ ላይ ሲወርድ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ምን አደረገ? ግማሽ ብሎኬት አመጣ፣ በላዩ የታጠፈ ጆንያ ጨመረ፣ እግሩን አሳረፈበት። መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘና ነቀነቀው።

«እማማ፣ ይኸው! ንቅንቅ አይልም» አለ።

አክስቴ ከታች ሆና «ልጄ፣ ሰው ጥራ። አንድ ሰው ይያዝልህ» አለችው።

«የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው እኮ!»

እውነትም ሥራው ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው። ጥግ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ያልተቀባች ቦታ ቀርታለች። ወርዶ መሰላሉን ከማዛወር ይልቅ ተንጠራራ። ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ከታች ያለው ብሎኬት ተፈረከሰ። መሰላሉ ወደ ጎን ሄደ። እሱ ደረጃው ላይ ወደቀ፣ እዚያም አልቆመም፤ አራት ደረጃ ተንከባለለ። የእጁ አንጓና ተረከዙ ተሰበሩ። የዚያን ዓመት ጥምቀት እልልታውንና ከበሮውን በመስኮት እየሰማ በአልጋ ላይ አሳለፈ።

ይህን ታሪክ የማነሣው እሱን ለመውቀስ አይደለም። እኛም ያንኑ እናደርግ ነበር። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ያቺን ቅጽበት ነው። መሰላሉን ከታች ሆኖ በእጁ ሲነቀንቀው፣ እውነትም አልተነቃነቀም። ለምን? ሰው ገና አልወጣበትማ! ባዶ መሰላል ሁሌም ጸጥ ብሎ ይቆማል። መሰላል የሚፈተነው ሰው ከላይ ሆኖ፣ ባልዲ ይዞ፣ ወደ ጎን ሲንጠራራ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የሚታረም ነገር የለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቼ፣ መሰላል የተሠራው ለደልዳላ ቦታ ነው። ሁለት ረጃጅም ቋሚዎች አሉት፣ በመካከላቸው የተጋደሙ መወጣጫዎች አሉት። ሁለቱ ቋሚዎች ርዝመታቸው እኩል ነው። እኩል እግር እኩል መሬት ይፈልጋል። ደረጃ ደግሞ በተፈጥሮው እኩል አይደለም፤ እያንዳንዱ መርገጫ ከቀጣዩ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበላለጣል። ችግሩ በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ደረጃው ለመሰላሉ የሚያስፈልገውን ደልዳላ ቦታ ነሥቶታል። እንግዲህ የእኛ ሥራ ከመውጣታችን በፊት ያንን ደልዳላ ቦታ መልሰን መሥራት ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። በሁለቱ የመሰላል እግሮች መካከል 40 ሴንቲ ሜትር አለ እንበል። ከአንደኛው እግር በታች ያደረግነው ጆንያ ወይም ጡብ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሰመጠ። ሁለት ጣት አይሞላም። እናንተ የቆማችሁበት ቦታ 3 ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ፣ እዚያ ላይ መሰላሉ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ይሄዳል። ከታች ሁለት ጣት የማይሞላው፣ ላይ ሲደርስ ከግማሽ ስንዝር ይበልጣል። ሰው ሚዛኑን የሚስተው በዚህ ነው።

ሌላም አለ። ደልዳላ ወለል ላይ የወደቀ ሰው ወለሉ ላይ ይቀራል። ደረጃ ላይ የወደቀ ግን መውደቁን ይቀጥላል። መሰላሉ ላይ 2 ሜትር ወጥታችኋል፤ ከመሰላሉ በታች ደግሞ 10 ደረጃዎች አሉ። አሥር ጊዜ 17 ሴንቲ ሜትር፣ 1 ሜትር ከ70 ነው። ስለዚህ ከታችኛው ወለል ያላችሁ ከፍታ 2 ሜትር ሳይሆን 3 ሜትር ከ70 ነው። ከዚህ ከፍታ ሳይጋጭ በቀጥታ የወደቀ ሰው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መሬት ይደርሳል፤ ሲያርፍም ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ላይ የሚሄድ ባጃጅ ገጨው እንደማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች ወድቀው በደረሰባቸው ጉዳት ይሞታሉ። ይህ ከመሰላል የወደቀውንም፣ ከዛፍ የወደቀውንም፣ አዳልጦት የወደቀውንም ሁሉ ይጨምራል። ከእነዚህ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ከድንገተኛ አደጋዎች መካከል ከመንገድ ትራፊክ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚገድለው መውደቅ ነው። መኪና ሲመጣ ልጃችንን እጁን ይዘን እናሻግረዋለን። መሰላል ላይ ሲወጣ ግን «ቶሎ በል» እንለዋለን።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ መፍትሔው እንሂድ። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ከሥሩ እንጀምር።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፤ መሰላል የግድ ያስፈልገኛል ወይ? ደረጃ ላይ ብዙ ሥራ ያለ መሰላል ይሠራል። ግድግዳ ለመቀባት የቀለሙን ሩሎ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩት። ደረጃው ላይ ቆማችሁ፣ ሁለት እግራችሁ ሲሚንቶ ረግጦ፣ እስከ ኮርኒሱ ትደርሳላችሁ። የሸረሪት ድር መጥረጊያን ረጅም ዘንግ ላይ በማሰር ይወርዳል። አምፖልም ቢሆን፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ስትጠሩ ከደረጃው አናት ወደ ጎን ግድግዳ፣ እጅ ወደሚደርስበት ቦታ እንዲያዛውርላችሁ ጠይቁት። አንድ ቀን የተከፈለ ገንዘብ ለዕድሜ ልክ ከመሰላል ያድናል። ከሁሉ የሚሻለው መሰላል ያልወጣችሁበት መሰላል ነው።

የግድ ከሆነስ? ያን ጊዜ የምትሠሩት ግድግዳ የትኛው እንደሆነ እዩ። ደረጃ ላይ ሁለት ዓይነት ግድግዳ አለ። አንዱ ከፊት ለፊት የሚገጥመን ነው፤ ሌላው ከደረጃው ጎን ለጎን ሽቅብ የሚሄደው ነው።

የፊት ለፊቱ ይቀላል። ሁለቱንም የመሰላል እግሮች አንድ መርገጫ ላይ ጎን ለጎን ማሳረፍ ይቻላል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አስቡ። ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል ሊንሸራተት የሚፈልገው ከግድግዳው እየራቀ ወደ ኋላ ነው። መሰላሉ የተደገፈው ከደረጃው ግርጌ ባለው ግድግዳ ላይ ከሆነ፣ እግሮቹ ወደ ኋላ ሲገፉ የቀጣዩ ደረጃ ቁመት ይይዛቸዋል። ያ ጥሩ ነው፤ እግሮቹን እዚያ ድረስ ገፍታችሁ አስደግፏቸው። ግድግዳው ከደረጃው አናት በኩል ከሆነ ግን እግሮቹ የሚንሸራተቱት ወደ ባዶ ነው፣ ከመርገጫው ጠርዝ ወደ ታች። በዚህ ጊዜ መሰላሉን መርገጫ ላይ አታቁሙ። ላይኛው ማረፊያ ላይ፣ ሰፊው ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙት።

የጎኑ ግድግዳ ነው አስቸጋሪው። የአክስቴን ልጅ የጣለውም እሱ ነው። እዚህ ሁለቱ እግሮች የግድ ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች ላይ ያርፋሉ። ጡብ፣ ብሎኬት፣ ድንጋይ፣ መጽሐፍ፣ ጀሪካን፣ የታጠፈ ጆንያ፣ ሁሉንም እርሱት። ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው፣ እያንዳንዱ እግሩ ለብቻው የሚረዝምና የሚያጥር፣ በቁልፍ የሚያዝ መሰላል ነው። ዋጋው ይከብዳል፣ ግን ጎረቤት ተሰባስቦ ቢገዛው የሰፈሩ ዕቃ ይሆናል። ሁለተኛው፣ አናጢ ግማሽ ቀን ሳይፈጅ የሚሠራው የእንጨት ሣጥን ነው።

ይህን ሣጥን ልግለጽላችሁ። ከሞራሌና ከወፍራም ጣውላ ይሠራል። ቁመቱ ከሥሩ ከሚለጠፈው ጎማ ጋር ተደምሮ በትክክል ከደረጃችሁ ቁመት ጋር እኩል ነው። «በትክክል» ስል በምክንያት ነው። በየቤታችን ያሉ ደረጃዎች ብዙ ጊዜ እርስ በርስ እኩል አይደሉም፤ አንዱ 16፣ ሌላው 19 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሰላሉ የሚያርፍበትን ደረጃ ራሱን ለኩ። ሣጥኑ ሙሉ በሙሉ በአንድ መርገጫ ላይ ይቀመጥ፣ ከጠርዙ አይውጣ። በላይኛው ገጹ ዙሪያ ደግሞ፣ ወደ ላይኛው መርገጫ ከሚያየው ጎን በስተቀር፣ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጠርዝ ይመታበት፣ የመሰላሉ እግር ከውስጡ እንዳይወጣ። ከሥሩ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ይለጠፍበት፣ ሲሚንቶው ላይ እንዳይንሸራተት።

ሣጥኑን አስቀመጣችሁ። አሁን ግንበኛ የሚያደርገውን አድርጉ፤ ውሃ ልክ ያዙ። ውሃ ልክ ከሌላችሁ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ የውሃ ፕላስቲክ ግማሹን ሙሉና ክዳኑን አጥብቁ። ከላይኛው መርገጫ ወደ ሣጥኑ ቀጥ ያለ ጣውላ አጋድሙ፣ ፕላስቲኩን በላዩ አስተኙት። ውሃው ከአንደኛው ጫፍ እስከ ሌላኛው እኩል ከሆነ ቦታው ደልዳላ ነው። ወደ አንዱ ካዘነበለ አስተካክሉ። ያን ጊዜ ነው ጣውላውን አንሥታችሁ መሰላሉን የምታቆሙት።

ሥራው ከፍ ያለ ከሆነ፣ ብዙ ሰዓት የሚወስድ ከሆነ፣ ወይም ሁለት እጅ የሚፈልግ ከባድ ሥራ ከሆነ ግን ሣጥኑንም እርሱት። እስካፎልዲንግ ያለው ባለሙያ ጥሩ። በከተማችን መካከል የቆሙትን የነገሥታቱን ግንቦች ተመልከቱ። ያን ድንጋይ ያነሡ ግንበኞች ሥራቸውን የጀመሩት የሚቆሙበትን በመሥራት ነው፤ በአንድ መሰላል ላይ ተንጠልጥሎ ግንብ የገነባ የለም።

(አጭር ሙዚቃ)

እግሩ ተስተካከለ። አሁን ስለ አደጋገፉ። መሰላል በጣም ከቆመ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ በጣም ከተኛ ከሥሩ ይንሸራተታል። ልኩ አራት ለአንድ ነው። ሜትር ባይኖራችሁ በክንድ ለኩ። መሰላሉ ግድግዳውን የሚነካበት ቦታ ከእግሩ 4 ክንድ ከፍ ካለ፣ እግሩ ከግድግዳው 1 ክንድ ይራቅ። 8 ክንድ ከሆነ 2 ክንድ። ማረጋገጫም አለው። የጫማችሁን ጫፍ ከመሰላሉ እግር ጋር አገናኙና ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። ሁለት እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። መዳፋችሁ መወጣጫውን በምቾት ከያዘ አደጋገፉ ልክ ነው።

ከዚያ ሰው ጥሩ። ያዡ ሁለቱን ቋሚዎች በሁለት እጁ ይያዝ፤ ስልክ የያዘ እጅ መሰላል አልያዘም። የደረጃውን ላይና ታች በገመድ ዝጉ። በራፍ ካለ ቆልፉ። ልጅ ከላይ እየሮጠ ሲወርድ መሰላሉን እንዳይመታው።

ስትወጡ ፊታችሁ ወደ መሰላሉ ይሁን፣ ስትወርዱም እንዲሁ። ሁልጊዜ ሦስት ነገር ይያዝ፤ ሁለት እግርና አንድ እጅ፣ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር። ባልዲውን በእጃችሁ ይዛችሁ አትውጡ፤ ከወጣችሁ በኋላ በገመድ ሳቡት። ላይኛዎቹ ሦስት መወጣጫዎች ለእጅ እንጂ ለእግር አይደሉም። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ዝግጅት ብታስታውሱ ደግሞ ይህን አስታውሱ፤ እምብርታችሁ ከሁለቱ ቋሚዎች መካከል አይውጣ። ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ስትንጠራሩ እምብርታችሁ ከቋሚው አለፈ ማለት መሰላሉን ይዛችሁት ልትሄዱ ነው ማለት ነው። ውረዱ። መሰላሉን አዛውሩ። እንደገና ውጡ። የሁለት ደቂቃ ሥራ አሥር ደቂቃ ይፍጅ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለ ራሳችንም እንናገር። ሸበጥ አድርጎ መሰላል አይወጣም። ጋቢና ነጠላ ከታች ይቀመጥ፤ ጫፉ እግር ሥር ይገባል፣ ሚስማር ይይዘዋል። ጠላ ወይም አረቄ የቀመሰ ሰው በዚያ ቀን መሰላል አይንካ። ደግሞም አሁን የነቢያት ጾም ላይ ነን። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከቀትር በኋላ ሆዱ ባዶ፣ ጉሮሮው ደረቅ ነው። ከፍታ ላይ አንገት ቀና አድርጎ ሲሠራ ራሱ ሊዞርበት ይችላል። የመሰላሉን ሥራ ጠዋት፣ ጉልበት ሳይዝል ጨርሱት። ይህ ከጾሙ አያጎድልም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን መሰላሉን ራሱን እንመርምረው። በሰፈራችን የሚበዛው ከባሕር ዛፍ የተሠራው ነው። ርካሽ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ጠንካራም ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው። እርጥቡ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። መወጣጫው እርጥብ ሳለ በሚስማር ከተመታ፣ እንጨቱ ሲደርቅ ሚስማሩ ቀዳዳው ውስጥ ይላላል። ውጪው ሲታይ ደህና ነው። እግር ሲያርፍበት ግን ይዞራል።

ስለዚህ መሰላል ስታሠሩ አናጢውን ሁለት ነገር ለምኑት። አንደኛ፣ በደረቀ እንጨት ይሥራው። ሁለተኛ፣ መወጣጫውን ቋሚው ላይ እንዲሁ ለጥፎ ሚስማር አይምታ። ቋሚውን ጥቂት ጠርቦ መቀመጫ ያውጣለት፣ መወጣጫው እዚያ ውስጥ ይቀመጥ፣ ከዚያ በብሎን ወይም በሚስማር ይታሰር። ያን ጊዜ ክብደታችሁን የሚሸከመው ሚስማር አይሆንም፣ እንጨቱ ራሱ ይሆናል። ልዩነቱ የሕይወት ልዩነት ነው።

ያላችሁን ወይም የተዋሳችሁትን መሰላል ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት መሬት ላይ አስተኙት። እያንዳንዱን መወጣጫ በእጃችሁ ያዙና አዙሩት። የሚዞር ካለ መሰላሉ ላይ አይወጣም። እግሩን በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉት፤ ቢላው ያለ ችግር ከገባ ምስጥ በልቶታል ወይም በስብሷል። መሰላልን ቀለም አትቀቡት። ቀለም ስንጥቅ ይደብቃል። ዘይት ብትቀቡት እንጨቱም ይጠበቃል፣ ስንጥቁም ይታያል። ከቱቦላሬ የተበየደ የብረት መሰላል ካላችሁ ብየዳውን እዩ፣ የተላቀቀ ወይም የዛገ እንዳይኖር። ከእግሩ ሥር ጎማ ይኑረው።

ከቤት ውጪ ስለሚሠራውም በአጭሩ ልበል። ዳገት መሬት ላይ መሰላል ስታቆሙ ዝቅ ያለውን እግር በድንጋይ አታስረዝሙ። ከፍ ያለውን እግር መሬቱን ቆፍራችሁ ዝቅ አድርጉት። የተቆለለ ድንጋይ ይናዳል፣ የተቆፈረ መሬት አይናድም። አሸንዳ ላይ መሰላል አታስደግፉ። ወደ ቆርቆሮ የምትወጡ ከሆነ መሰላሉ ከጣሪያው ጠርዝ 1 ሜትር ያህል ይለፍ፣ ስትወርዱ የምትይዙት እንዲኖር። በደባርቅና በዳባት በኩል ያላችሁ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ በዚህ ወር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት መወጣጫው ላይ ያለው አመዳይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ፀሐይ ወጥታ እስክታደርቀው ጠብቁ።

የኤሌክትሪክ ሽቦን ነገር አደራ። ከምሰሶ ወደ ቤታችን የሚገባው ሽቦ 220 ቮልት ይዟል፣ በመንገድ ዳር የሚያልፈው ከዚያ ብዙ እጥፍ ሊይዝ ይችላል። መሰላሉም እናንተም ከሽቦ ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ። የብረት መሰላል ሽቦ ከነካ የያዘው ሰው ላይተርፍ ይችላል። እንጨት ነው ብላችሁም አትዘናጉ፤ የረጠበ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ቢወድቅስ? የመጀመሪያው ስሜታችን ሮጠን «አይዞህ!» እያልን በብብቱ ይዘን ማንሣት ነው። ከፍቅር ነው የምናደርገው። ግን አታድርጉት። አንገቱ ወይም ጀርባው ተጎድቶ ከሆነ በማንሣታችን ብቻ ዕድሜ ልኩን ሽባ ልናደርገው እንችላለን። ባለበት ይተኛ። ጋቢ አልብሱት። የሚደማ ካለ በንጹሕ ጨርቅ ተጫኑት። ውሃም ምግብም አትስጡት። አምቡላንስ ጥሩ፤ ለዚህም የአካባቢያችሁን የአምቡላንስና የጤና ጣቢያ ስልክ ዛሬውኑ በር ላይ ለጥፉት።

መኪና በማይገባበት የደጋ መንደር ያላችሁ፣ ቃሬዛ የእናንተ ሙያ ነው። በጨርቅ ብቻ እንዳይጎብጥ ከሥሩ ጣውላ አድርጉበት። አንዱ ጭንቅላቱንና አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይያዝ፣ ሌሎቹ እኩል በአንድ ድምፅ ያንሡት። ካስመለሰው፣ ከተደናገረ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውሃ ከወጣ፣ ነገ ሳይባል ሆስፒታል ይሂድ።

ስለ ወጌሻም በአክብሮት አንድ ነገር ልናገር። ወጌሻ አያቶቻችንን ያከመ ሙያ ነው። ነገር ግን የተሰበረ እጅ ወይም እግር በሸምበቆ ወይም በእንጨት አጥብቆ ሲታሰር፣ ከውስጥ እያበጠ ይሄድና ደም መዘዋወሩ ይቋረጣል። ሥጋው ይሞታል። በስብራት ምክንያት ሳይሆን በእስሩ ምክንያት እግርና እጅ የተቆረጠባቸው ወገኖች አሉን፤ ብዙዎቹም ሕፃናት ናቸው። የታሰረ እጅ ወይም እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ፣ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ እስሩን በዚያው ሰዓት አላሉትና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ከሁሉ የሚሻለው መጀመሪያውኑ ራጅ መነሣት ነው።

እንዲህ ያለው ምክር ለከተማችን አዲስ አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረት የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 ሲከፈት፣ ካሠለጠናቸው ባለሙያዎች መካከል የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ሥራቸው በሽተኛ ሆስፒታል እስኪመጣ መጠበቅ አልነበረም። ወደየመንደሩ ወጥተው በሽታው ሳይመጣ መከላከልን ማስተማር ነበር። ጤና ከቤት ይጀምራል የሚለው ትምህርት በዚህች ከተማ ሥር አለው። ዛሬም የምንለው ያንኑ ነው።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይገባል)

አድማጮቼ፣ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ትምህርቱ ከብዶት ሳለ ዛፍ ላይ የሚወጣውን ትል አይቶ ነው የጸናው። ትሉ ስድስት ጊዜ ወደቀ፣ በሰባተኛው ወጣ። ትውፊቱ እንደሚለው ያሬድ የሕይወቱን መጨረሻ ያሳለፈው እዚሁ በስሜን ተራሮቻችን ነው። ትልቅ ትምህርት ነው፤ ለትምህርት፣ ለሥራ፣ ለኑሮ ተስፋ አለመቁረጥን ያስተምራል። ትል ግን ቀላል ነው፣ ወድቆ አይሰበርም። ሰው ስድስት ጊዜ የመውደቅ ዕድል የለውም። እኛ ትዕግሥቱን እንውሰድ፤ ከመውጣታችን በፊት እንታገሥበት።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ደረጃችሁ ግርጌ ቁሙ። ሜትር ያዙና የእያንዳንዱን ደረጃ ቁመት ለኩ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉና ነገ ለሰፈራችሁ አናጢ ስጡት፤ ሣጥኑን ይሥራላችሁ። ጎረቤታችሁም ይዋሰው።

የአክስቴ ቤት ደረጃ ሥር ዛሬ እንዲህ ያለ ሣጥን አለ። የሠራው ያ የወደቀው ልጅ ነው። መሰላል ሊዋስ የሚመጣ ሁሉ ሣጥኑንም አብሮ እንዲወስድ ያስገድደዋል።

 

(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ያበቃል።)